ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ

ቤተሰቡም ጎረቤቱም እታለም ነው የሚላት። ታናሽ እህቷ አፏን ስትፈታ የጀመረችው መጠሪያ ነው፤ ቀስ በቀስ እናትየውም ተቀበሉት፣ ሰፈሩም ተቀበለው፣ በመጨረሻ መሥሪያ ቤት ድረስ ተከትሏት ገባ። እታለም በጤና ቢሮ የወረርሽኝ ክትትል ባለሙያ ናት። በየጤና ጣቢያው ስንት ሰው ምን ታመመ የሚለውን ትሰበስባለች፣ ታበጥራለች፤ አንድ በሽታ የሆነ ቦታ ከልኩ በላይ ብቅ ብቅ ሲል ከሌላው ሰው ቀድማ ታያለች። ሥራዋን ትወደዋለች ከማለት ለምዳዋለች ማለት ይቀላል። ጀርባዋን ያማታል። ቤቷ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ግድግዳውን የምታይበት ቀን ይበዛል።

ፖድካስቱን እሷ አልፈለገችውም። የቢሮው ኃላፊ ከአንድ ስብሰባ ይዘውት የተመለሱት ሐሳብ ነው። «ሕዝቡ በራሪ ወረቀት ማንበብ ትቷል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው የሚውለው። እኛም በጆሮው በኩል እንግባ» አሉ። ሁሉም በጎ ሐሳብ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ማን ይሥራው ሲባል ግን ሁሉም አቀረቀረ። እታለም ያን ዕለት እንቅልፍ አጥታ ስለነበር ማቀርቀሩን ዘነጋችው። «ድምፅሽ ደግሞ ያምራል» ተባለች፤ በዚሁ ተፈረደባት።

ስቱዲዮ የተባለው ምድር ቤት ያለ የዕቃ ክፍል ነው። በአንዱ ወገን የእጅ ጓንት ካርቶን እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። በሌላው ወገን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ፣ ከሆስፒታል የተወገደ የአልጋ ስፖንጅ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቬንትሌተሩ ስለሚንቋቋ ቀረጻ ሲጀመር ይጠፋል፤ እታለም ስለ ንፁህ አየር ጥቅም ስታስተምር ላቧ በጀርባዋ እየወረደ ነበር።

ድምፅ ቀራጩ ከሬዲዮ ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት ሁልጊዜ «ፀጥታ» ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ነፍስ ያለው ነገር ባይኖርም ይላሉ። ጋሽ ፀጥታ ተብለው ቀሩ።

በመጀመሪያው ቀን ወረቀቷን ይዛ አንብባ ስትጨርስ ማዳመጫውን ከጆሮአቸው አወረዱና፣ «ልጄ፣ ነገርሽኝ ወይስ አነበብሽብኝ?» አሏት።

«ምን ላድርግ ጋሼ? ቁጥር ነው። ቁጥር ተሳስቼ ብናገር ጉድ ነው የሚፈላው።»

«ቁጥሩን ተይው አላልኩም። ለሕዝብ ሳይሆን ለአንድ ሰው ንገሪ። የምታውቂውን ሰው ፊትሽ አስቀምጪው። ደግሞ ትንፋሽ ውሰጂ። ትልቁን ነገር ከመናገርሽ በፊት ቆም በይ፤ ያኔ ሰሚው ጠጋ ይልሻል።»

እታለም ፊቷ ያስቀመጠችው ታናሽ እህቷን፣ ሚጢጢን ነው። ሚጢጢ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆ ሄዶ፣ ግድግዳ ይዛ መቆም የጀመረች አንዲት ሴት ልጅ ታሳድጋለች። ልጅቷን ሚሚ ይሏታል። እታለም የወባውንም፣ የውኃ ማከሙንም፣ የደም ግፊቱንም ነገር ስፖንጁ ላይ ዓይኗን ተክላ ለሚጢጢ ትነግራት ጀመር። ሚጢጢ ግን አትሰማም ነበር። ቢሮ ውስጥ ያሉ ሰዎች ለወጉ ያህል ይሰማሉ። የጋሽ ፀጥታ ባለቤት ትሰማለች። አንድ የማይታወቅ ሰውዬ ደግሞ «እህቴ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስንት መድኃኒት ሞክሬ ነበር፤ ያንቺን ድምፅ ስከፍት ወዲያው ይወስደኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጽፎላት ነበር። ጋሽ ፀጥታ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ እንዲያውም ያን ሰውዬ ቀናችበት።

ዝናቡ አቁሞ አቧራው ሲጀምር ኩፍኝ ገባ። መጀመሪያ አንድ ዳር ሰፈር፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ሦስት ትምህርት ቤት። ከኩፍኙ ጋር ወሬው አብሮ ገባ፤ የተከተቡትም እየታመሙ ነው የሚል። አስቸጋሪው ነገር ወሬው እውነት መሆኑ ነበር። የሚመጣውን መረጃ እየሰበሰበች የምታየው እታለም ራሷ ናት።

ስብሰባ ተጠራ። አንዳንዱ ዝም እንበል አለ። አንዳንዱ ውሸት ነው እንበል አለ። እታለም ጀርባዋን ወንበሩ ላይ እያሻሸች፣ «እውነቱን ከደበቅናቸው ነገ የምንነግራቸውንም አያምኑንም። ለምን እንደሆነ እናስረዳቸው» አለች።

«እንግዲያው አንቺው አስረጂ» አሏት ኃላፊው።

በዚያ ሳምንት ጽሑፉን ሠርታ እያፈረሰች ሰነበተች። ነገሩ ለሚያውቀው ሰው ቀላል ነው። ከተማው ውስጥ ያሉ ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተከትበዋል፤ ያልተከተቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ክትባቱ ብዙውን ልጅ ይጠብቃል፤ ጥቂቱን ላይጠብቅ ይችላል። ያ ጥቂት ከብዙ ሕዝብ የወጣ ስለሆነ ሲቆጠር የማይናቅ ይሆናል። ያልተከተቡት ደግሞ ጥቂት ቢሆኑም አብዛኞቹ ይታመማሉ። የከተማው ሰው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ በወጣበት ቀን ከበሰበሱት መካከል ጃንጥላ የያዘ ቢገኝ፣ ጃንጥላ አያስፈልግም አይባልም። የጃንጥላው ምሳሌ ሲመጣላት ደስ አላት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ በሥራዋ ደስ ያላት ያን ቀን ነው።

ቀረጻው ላይ ጋሽ ፀጥታ እንዳስተማሯት አደረገች። «ወሬው ሐሰት አይደለም» አለች። «በዚህ ወረርሽኝ ከታመሙት ልጆች ግማሽ ያህሉ የተከተቡ ናቸው።» እዚህ ላይ ቆመች። ትንፋሽ ወሰደች። ሚጢጢ ስፖንጁ ውስጥ ሆና ጠጋ ስትላት ታያት። ከዚያ ስለ ጃንጥላው መናገር ጀመረች። ሲጨርሱ ጋሽ ፀጥታ አውራ ጣታቸውን አንስተው፣ «ይኸውልሽ፣ ዛሬ ነገርሽኝ» አሏት።

አንድ ሰው ያን ንግግር ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ ላይ ቆረጠው። ማን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም። ከጃንጥላው በፊት ያለው ብቻ ቀረ፤ የጤና ቢሮ ባለሙያ በገዛ አንደበቷ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ ከታመሙት ግማሹ የተከተቡ ናቸው ስትል የሚሰማበት። ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ከተማውን አዳረሰው። ሙሉውን የሰማው ሰው አንድ አዳራሽ አይሞላም፤ ቁራጩን ያልሰማ ሰው ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር።

ኃላፊው ማኅተም ያለበት መግለጫ አወጡ። መግለጫው ረጅም ነበር፤ ማንም ጆሮ አልሰጠውም። እሷን ጠርተው አልተቆጧትም። «ምን ይደረግ» ብለው መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ገቢና የተቀመጠች ሴት ስልኳን ከፈተች፤ እታለም የገዛ ድምፅዋን ሰማች። ሴትየዋ ለሾፌሩ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ሾፌሩ «እንግዲህ እነሱው ካሉ» አለ። እታለም እኔ ነኝ፣ ይሄ ቀሪ አለው ልትል አፏን ከፈተች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ሲያያት፣ እሷም ከመጀመሪያ ጀምራ ስታስረዳ፣ መውረጃውም ሲደርስ ታያትና አቅም አጣች። «ወራጅ አለ» አለች። ቀሪውን መንገድ በእግሯ ሄደች።

ሚጢጢ ደውላ ሆስፒታል ነኝ ያለቻት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። እታለም ሥራዋን እንዳለ ጥላ ወጣች። የኩፍኝ ሕሙማን ክፍል ለብቻው ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ እናቶቹ ነጠላ ጫማ አድርገው በየአልጋው ጫፍ ተቀምጠዋል። ሚሚ ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷ በሽፍታ ተሸፍኖ፣ አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተለጥፎላት ተኝታለች። ደረቷ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። እታለም እነዚህን ምልክቶች በሰንጠረዥ ላይ ስታያቸው ኖራለች። አሁን የልጅቷን አተነፋፈስ ልትቆጥር ጀምራ ቁጥሩ ጠፋባት።

«መቼ ጀመራት?»

«ትኩሳቱ ከሰሞኑ ነው። ጉንፋን መስሎኝ ነበር።»

«ክትባቷን ወስዳለች አይደል? ቀኗ ደርሶ ነበር እኮ።»

ሚጢጢ የልጅቷን አንሶላ አስተካከለች። ተስተካክሎ የነበረውን ደግማ አስተካከለች።

«አላስከተብኳትም። አንቺ አይደለሽ እንዴ ግማሾቹ የተከተቡ ናቸው ያልሽው?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ክስ አልነበረም። «የሌላ ሰው ቢሆን ባላመንኩ። ያንቺ ድምፅ ነው።»

«ሚጢጢዬ፣ ቀሪ አለው። ሙሉውን አልሰማሽውም?»

«እታለም፣ ያንቺን ሙሉውን ማን ይሰማዋል?»

አጠገባቸው ያለችው እናት እንዳልሰማች ሆና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«እሺ፣ ብትደውዪልኝስ? እኔ እህትሽ አይደለሁ?»

«ልደውል ብዬ ነበር። ስልኩን ይዤም ነበር። ግን ሁልጊዜ ስታነሺ ደክሞሽ ነው። ‹ወዬ› የምትይው ነገር ራሱ… ለዚች ጥያቄ ብዬ ምን አደክማታለሁ ብዬ ተውኩት።»

እታለም ወንበር ስቦ የሚሰጣት ስላልነበረ አልጋው እግር ስር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ከቢሮ እየወጣች ወደዚያ ክፍል ትሄዳለች። ሚጢጢ ቤት ሄዳ ልብስ ስትቀይር እሷ ልጅቷን ትጠብቃለች። ሚሚ አንድ ቀን ቀለል ይላታል፣ በማግሥቱ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ ኩፍኙ ሳንባዋ ላይ መውረዱን ነገራቸው። እታለም ይህን ከሐኪሙ በፊት አውቃዋለች፤ ማወቋ ግን ምንም አላቀለለላትም።

ከእናቶቹ መካከል አንዲት ደንደን ያለች፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የምታጥብ ሴት ነበረች። ወንድ ልጇ ከሚሚ ቀጥሎ ባለው አልጋ ተኝቷል። እታለም ከነርሷ ጋር ስትነጋገር ሰምታ፣ «ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ» አለች።

ሌሎቹ እናቶች ቀና ቀና አሉ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች እታለም። የቀረው መደበቂያ አልነበራትም። «ግን ንግግሩ ተቆርጦ ነው የደረሳችሁ። ቀሪውን ልንገራችሁ።» ነገረቻቸው። ጃንጥላውንም ነገረቻቸው። ማይክሮፎን ስለሌለ፣ የሚጣደፍም ስለሌለ፣ ከስቱዲዮው የተሻለ ነገረቻቸው። እናቶቹ አዳመጧት። አንዳንዶቹ አዎ አዎ አሉ።

አንሶላ አጣቢዋ ግን ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ጃንጥላውስ ገባኝ፤ እኔ መች በሱ ቀረሁ» አለች።

«ታዲያ በምን ቀረሽ እህቴ?»

«ባለፈው ሲወጋ አተኮሰው። አብሬው ቀረሁ። በማግሥቱ ሥራ ስሄድ በቦታዬ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘሁ፤ ስንት ለምኜ ተመለስኩ። ካርዱ ደግሞ ጠፋብኝ። ነርሷ ‹ካርድ መያዝ የማትችዪ ልጅ እንዴት ልትይዢ ነው› ብላ ሰው ፊት አዋረደችኝ። እዚያች ሴትዮ ፊት ተመልሼ መቆም ሞት ሆነብኝ። ያንቺ ድምፅ ሲመጣማ ተገላገልኩ። ሰበብ ሆነኝ።»

እታለም እስከዚያ ቀን ስለ ተህዋስያን፣ ስለ መከላከል አቅም፣ ስለ መቶኛ ስንቱን ተናግራለች። ልጁ ሲያተኩሰው ማን አብሮት እንደሚቀር አንድም ቀን አላነሳችም። ስለ ነርሷ ፊት አልተናገረችም። ማንም ያልጠየቃትን ጥያቄ ስትመልስ እንደኖረች ገባት። ይህ ሐሳብ ካሳፈራት ይልቅ አደከማት።

ሚሚ ዳነች። ጆሮዋ ግን መግል ሲፈስሰው ሰንብቶ ስለነበር በግራ በኩል ሲጠሯት አትዞርም። ሐኪሙ ዕድሜዋ ሲጨምር ዳግም እንመረምራታለን፣ የተወሰነ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። ሚጢጢ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። የልጅቷን ኮፍያ ፈልጋ አደረገችላት። እህትማማቾቹ አንዷ ሌላዋን ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ከየት እንደሚጀመር ሁለቱም አላወቁትም።

እታለም ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ለጋሽ ፀጥታ ፕሮግራሙን መተዋን ነገረቻቸው።

«ብትተዪ አይፈረድብሽም» አሏት። «ቆም በይ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«ኧረ የርስዎ ጥፋት አይደለም ጋሼ።»

«በኛ ጊዜ ቴፕ የምቆርጠው እኔ ብቻ ነበርኩ። መቀሱ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ። አሁን መቀሱ በያንዳንዱ ሰው እጅ ነው።» የማይክሮፎኑን ገመድ በክርናቸውና በመዳፋቸው መካከል ጠመጠሙ። «ሂጂ እረፊ። እኔ ጥሪ ካለ እመጣለሁ፣ ከሌለ ቤቴ ነኝ።»

ፕሮግራሙ ቆመ። ቢሮው ውስጥ ማንም ልብ ያለ የለም። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰውዬ ብቻ፣ «እህቴ፣ ምነው ጠፋሽ? የድሮውን እየደጋገምኩ ነው፤ አሁን በቃሌ ስለያዝኩት ማስተኛቱን ትቷል» ብሎ ጻፈ።

ሚጢጢ ልጅቷ እስክታገግም እታለም ቤት ገብታለች። አንድ የዕረፍት ቀን ሁለቱ አልጋ ላይ ተቀምጠው የታጠበ ልብስ ያጥፋሉ፤ ሚሚ መሐላቸው ካልሲ ትጎትታለች። ሚጢጢ ዓይኗን ከምታጥፈው ልብስ ሳታነሳ፣ «እስቲ ያን የጃንጥላውን ነገር ንገሪኝ» አለች።

እታለም ነገረቻት። ሚጢጢ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ፣ «አሁን እንደገና ተናገሪው፤ እኔ ልቁረጥሽ» አለቻት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ተናገሪ ብቻ።»

እታለም «ከታመሙት ግማሽ ያህሉ» ብላ ስትጀምር ሚጢጢ ሁለት ጣቷን እንደ መቀስ አድርጋ «ቅጭ» አለች። «አየሽ? እዚህ ላይ ገደልሽኝ።» እታለም ከሌላ ቦታ ጀመረች። «ክትባቱ ሁሉንም አይከላከልም፤ ግን» ስትል፣ «ቅጭ» አለች ሚጢጢ። «የተከተበ ልጅ በኩፍኝ የመያዝ ዕድሉ ካልተከተበው እጅግ ያነሰ ነው፤ ጥቂት የተከተቡ ቢታመሙም» አለች እታለም። ሚጢጢ ጣቷን እንደዘረጋች አሰበች። «እዚህ ጋ ቢቆርጡሽም ውሸት አይሆንም። ቀጥዪ።» ልብሱ ሳይታጠፍ ቀረ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳፈረሱት አይታወቅም። ሚሚም አይታ ጣቷን ማንቀሳቀስ ስትጀምር ሁለቱም ሳቁ፤ ከሆስፒታሉ በኋላ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ሚጢጢ ልጅቷን ሳብ አድርጋ ግራ ጆሮዋን ሳመችው፤ ረጅም ጊዜም ቀና አላለችም።

እታለም ወደ ምድር ቤቱ ስቱዲዮ ተመለሰች። ጋሽ ፀጥታ አዲሱን አነጋገሯን አልወደዱትም። «እንደ ባቡር ሆንሽ፤ ሰው የት ይውረድ?» ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ቀዱት። ያን ጊዜ የተናገረችው ከክትባት በኋላ ስለሚመጣ ትኩሳት፣ ካርድ የጠፋባት እናት ያለ ካርድም ልትመጣ ስለመቻሏ፣ በነርሶች ስለ መመናጨቅም ነው። የጤና ጣቢያ ነርሶች ተቀየሟት። አንዷ ደውላ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሳልጠጣ ነው የምውለው፤ እኔን ማን ይጠይቀኛል?» አለቻት። እታለም ልክ ነሽ አለቻትና ለምና እሷንም አምጥታ ቀዳቻት። ኃላፊው ቢሮውን ታሰድቢያለሽ ብለው ፈሩ፤ ብዙም አልተሰደበም፤ ምክንያቱም ብዙም ሰው አልሰማውም። የሰሚው ቁጥር ከቀድሞው ትንሽ የተሻለ ነበር። ቁራጩ ድምፅ ዛሬም ይዞራል። ሌላ ከተማ ኩፍኝ በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሳል፣ የዚያ ከተማ ባለሙያም ይደውልላታል። እሷም «ወዬ» ትላለች፤ ደክሟትም ቢሆን ቀና ብላ ለማለት ትሞክራለች።

ሚሚ ቀሪ ክትባቶቿን የምትወስድበት ቀን ሲደርስ እታለም ፈቃድ ጠይቃ አብራቸው ሄደች። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል። ፊታቸው ያለች ወጣት እናት ሕፃኗን ታቅፋ አንዴ ወደ በሩ አንዴ ወደ ነርሷ ታያለች፤ ቀልቧ አልተረጋጋም። ዞር ብላ፣ «የተከተቡትም ይታመማሉ ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው እታለምን ነበር፤ በዕድሜ ከፍ ያለች ስለሆነች ይመስላል።

እታለም ትንፋሽ ሳበች። ከመናገሯ በፊት ግን ሚጢጢ ሚሚን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና፣ «ነይ እስቲ፣ እኔ ልንገርሽ» ብላ ጀመረች። ከልጅቷ ጆሮ ጀመረች። ስለ ሆስፒታሉ ነገረቻት፣ ስለ ቱቦው ነገረቻት፣ ተመልሳ ወደ ጃንጥላው ሄደች። አንዱን ነገር አዛነፈችው፤ እታለም ልታርማት አሰበችና ሴትየዋን የሚጎዳ ስላልሆነ ወደ ቤት ስንሄድ እነግራታለሁ ብላ ተወችው። ጥላ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ባዶ ነበር። ሄዳ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሚጢጢ አሁንም እያወራች ነው፤ ወጣቷ እናት ትጠይቃለች፣ ከኋላ ያለችውም ጣልቃ ገብታ ትጠይቃለች፣ ሰልፉም ቀስ እያለ ወደ በሩ ይጠጋል።